ዣን ባቲስት ቪዮም፦ ቀጂ ነበር ወይስ ታላቅ ሠሪ?

ጥያቄ፦ ከአጎቴ የወረስኩት አሮጌ ቫዮሊን አለኝ። በፊት ለፊት ቀዳዳው አጮልቄ ሳይ «ዣን ባቲስት ቪዮም፣ ፓሪስ» የሚል ወረቀት ውስጡ ተለጥፏል። ስለ ሰውየው ሳነብ አንዱ ታላቅ ሠሪ ይለዋል፤ ሌላው የስትራዲቫሪን ሥራ እያስመሰለ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር ይላል። እውነቱ የቱ ነው? ሥራው በምን ይለያል? የእኔስ በእርግጥ የእሱ ሊሆን ይችላል?

ምላሽ፦ ስለ ወረሱት ቫዮሊን ኋላ ላይ እመጣለሁ። ቪዮም ምን ይሠራ እንደነበር ሳይታወቅ የዚያ ወረቀት ዋጋ ሊመዘን ስለማይችል ከሰውየው ልነሳ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ቪዮም የስትራዲቫሪን ቫዮሊን መቅዳቱ እውነት ነው፣ ነጋዴም ነበር፤ ታላቅ ሠሪ ያሰኘውም ያው ቅጂው ነው። ቅጂው ምን እንደሚጠይቅ ሲረዱ ይስማማሉ ብዬ አምናለሁ።

ቪዮም የተወለደው ኦክቶበር 7 ቀን 1798 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሎሬን ውስጥ፣ ሚርኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሚርኩር ሁለት ሙያዎች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች፤ ቫዮሊን ሥራና የዳንቴል ሥራ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስለነበር የቪዮምም አባት ቫዮሊን ሠሪ ነበር፤ ልጁ መሮና መላጊያ መያዝ የተማረው ከዚያው ከአባቱ ጠረጴዛ ነው። ከሚርኩር የሚወጣው ቫዮሊን አብዛኛው ርካሽና በብዛት የሚመረት ነበር። እዚያ ያደገ ልጅ ፈጣንና የማይሳሳት እጅ ይዞ ይወጣል፤ ስም ግን አያገኝም። ስም የፈለገ ወደ ፓሪስ ይሄዳል።

ቪዮምም በ1818 ሄደ። መጀመሪያ የተቀጠረው ፍራንሷ ሻኖ ዘንድ ነው። ሻኖ የባሕር ኃይል መሐንዲስ ሲሆን የቫዮሊን ማዕዘኖች የእንጨቱን ንዝረት ያግዳሉ ብሎ ስላመነ ወገቡ እንደ ጊታር የለዘበ፣ ማዕዘን የሌለው ቫዮሊን ነድፎ ነበር። ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቅርቦት የተመረመረው ሥራው ከስትራዲቫሪ አያንስም ተብሎ ተሞገሰ፤ ሙዚቀኞች ግን አልተቀበሉትም፤ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ወጣቱ ሠራተኛ ያን በቅርብ አይቷል። በኋላ ዘመኑ እሱም አዳዲስ ነገር መሞከሩን ባይተውም፣ ለዋናው ቫዮሊኑ ቅርጽ ስትራዲቫሪ ይሠራባት ከነበረችው ከጣሊያኗ ከተማ ከክሬሞና ልማድ አልወጣም።

በ1821 ወደ ሲሞን ሌቴ ድርጅት ተዛወረ፣ በ1825 የሌቴ ሸሪክ ሆነ፣ በ1827 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የብር ሜዳሊያ አገኘ፣ በ1828 ደግሞ በክሯ ዴ ፕቲ ሻን መንገድ፣ ቁጥር 46፣ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ዕድሜው ገና 30 አልሞላም ነበር።

አሁን ወደ ቅጂው ነገር እንግባ። በ1820ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ቫዮሊን ሠሪ መሆን ከባድ ጊዜ ነበር። ጣሊያናዊው ቪዮቲ በ1782 ወደ ፓሪስ መጥቶ በስትራዲቫሪ ቫዮሊን ከተጫወተ ወዲህ፣ ስመ ጥር ተጫዋች ሁሉ የሚሻው የክሬሞናን አሮጌ ቫዮሊን ሆነ። ስትራዲቫሪ ግን በ1737 ሞቷል። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም በየጊዜው ይንራል። አዲስ ቫዮሊን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ በሚያብረቀርቅ አዲስ ቫርኒሹ የተነሳ ብቻ ችላ ይባላል። ከቪዮም በፊት ኒኮላ ሉፖ የስትራዲቫሪን ንድፍ ተከትሎ እጅግ የተዋቡ ቫዮሊኖችን ሠርቷል። ስለዚህ ንድፉን መከተል በፈረንሳይ አዲስ ነገርም ነውርም አልነበረም። ቪዮም የጨመረው አንድ እርምጃ አለ። ከንድፉ ጋር ዕድሜውንም ቀዳ። አገጭ የሚያርፍበትን፣ ትከሻ የሚነካውን፣ እጅ ዘወትር የሚዳስሰውን ቦታ እየለየ ቫርኒሹን አሳሳው፤ መቶ ዓመት የተጫወቱበት መስሎ እንዲታይ ጭረቱንና ጥቁረቱን ሳይቀር አወጣው።

ይህን ከተራ ማስመሰል የሚለየው የሥራው ጥልቀት ነው። ቫዮሊን ከላይ ሲታይ የሚቀዳው መልኩ ብቻ ይመስላል። የፊቱ ሳንቃ ከስፕሩስ፣ ጀርባው፣ ጎኖቹና አንገቱ ከሜፕል ይሠራሉ። የፊቱ ሳንቃ ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ይሳሳል፤ ጀርባው መሐሉ ላይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፣ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይወርዳል። የአራቱ አውታሮች ውጥረት ድምር ከ20 ኪሎ በላይ ሲሆን ያን ሁሉ የሚሸከመው ይህ ስስ እንጨት ነው። ጉብታው በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ ውፍረቱ አንድ ቦታ ላይ ቢበዛ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ቪዮም የታላላቆቹን ሥራ ለጥገና ሲቀበል ከፍቶ፣ ለክቶ፣ ንድፉን አስቀርቶ ነበር የሚመልሰው። እንደ እሱ ብዙ የስትራዲቫሪና የሌላው የክሬሞና ታላቅ ሠሪ የጓርኔሪ ሥራ በእጁ ያለፈለት ሠሪ በዘመኑ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቅጂዎቹ የዚያ ንባብ ውጤት ናቸው።

ያም ሆኖ እጁ የሚርኩር እጅ እንደነበር ዓይን ላለው ይታያል። ስትራዲቫሪ ጎኖቹን የሚያጎብጠው በውስጥ ፎርማ ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቫዮሊን ከሌላው ትንሽ ይለያል፣ ግራና ቀኙም ፈጽሞ እኩል አይሆንም። የፈረንሳዮቹ ልማድ ግን ጎኖቹን በተቦረቦረ የውጭ ፎርማ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ዘዴ ሥራውን ያፈጥናል፣ ቅርጹንም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያደርጋል። የቪዮም ቅጂ ብዙ ጊዜ ከስትራዲቫሪው የበለጠ የተስተካከለ፣ የጠርዙ ጌጥ መስመር ይበልጥ የጠራ የሆነው ለዚህ ነው። ለእኔ ትልቁ የውበት ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የክሬሞናው ጌታ በመሮ አፍ እንደ ልቡ ሲሄድ ይታያል፣ ቪዮም ግን ጥንቃቄውን አይለቅም። ድምፁ ብሩህና ኃይለኛ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ ይሞላል። ዛሬም በዓለም መድረክ የሚጫወቱበት አሉ፤ አሜሪካዊቷ ሂላሪ ሃን ለዓመታት የተጫወተችበት በ1864 የተሠራ የቪዮም ቫዮሊን ነው።

አጭበርባሪ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፦ ቪዮም ሥራውን ይፈርም ነበር። በአብዛኛው በጀርባው ሳንቃ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ መሐል አካባቢ፣ ተራ ቁጥር ጽፏል። ከፍ ብሎ ደግሞ ፊርማውንና የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ ሁለት አሃዞች አስቀምጧል። ቁጥሮቹ እስከ 3,000 እና ከዚያም በላይ ይዘልቃሉ። ሥራውን አሮጌ ነው ብሎ ሊያታልል ያሰበ ሰው እያንዳንዱን ቆጥሮ አይፈርምበትም። ሆኖም አንድ ነገር አልሸፍንም። አንዳንድ ቅጂዎቹ ላይ የስትራዲቫሪን ወረቀት የሚመስል ወረቀት ለጥፏል፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ገዢው ከእሱ እጅ ሲገዛ የሚገዛውን ያውቅ ነበር፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ባለቤት የገዛው ግን አያውቅ ይሆናል። እዚህ ላይ ወቀሳው ቦታ አለው፤ እኔም አልከላከልለትም።

የፓጋኒኒ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ታላቁ ጣሊያናዊ የቫዮሊን ተጫዋች ፓጋኒኒ «ካኖኔ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀውን፣ ጓርኔሪ ዴል ጄዙ በ1743 የሠራውን ቫዮሊኑን ለጥገና ለቪዮም ሰጠው። ቪዮም ጠግኖ ሲመልስ አብሮ ቅጂውን አቀረበ፤ ፓጋኒኒ በዓይኑ መለየት አቃተው፣ የለየውም ሲጫወት በድምፁ ነው ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር መድመቁ አይቀርም። ቅጂው ግን እውን ነው፦ ለፓጋኒኒ ተማሪ ለካሚሎ ሲቮሪ ተላልፎ ዕድሜ ልኩን ተጫውቶበታል፤ ዛሬ ሁለቱም፣ ዋናውና ቅጂው፣ በጄኖቫ ከተማ እጅ ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የታሪዚዮ ጉዳይ ነው፤ ያለ እሱ ቪዮምን መረዳት አይቻልምና ትንሽ ልቆይበት። ሉዊጂ ታሪዚዮ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ድኻ ጣሊያናዊ ነበር። በሰሜን ጣሊያን ገዳማትና መንደሮች እየዞረ፣ ተሰብረው በየጥጉ የተጣሉ አሮጌ ቫዮሊኖችን ከአዳዲሶች ጋር እየለወጠ ይሰበስብ ነበር። ባለቤቶቹ በእጃቸው ያለውን አያውቁም፤ እሱ ያውቃል። በ1827 የመጀመሪያዎቹን ይዞ ፓሪስ መጣ፤ የፓሪስ ነጋዴዎችም ጉድ አሉ። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰ ሲሸጥ፣ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ የስትራዲቫሪ ቫዮሊን እንዳለው፣ ማንም እንዳልተጫወተበት፣ ገና ትናንት የተሠራ እንደሚመስል ያወራል፤ ይዞት ግን አይመጣም። የቪዮም አማች፣ ታዋቂው ተጫዋች ዴልፋን አላር፣ «የአንተ ቫዮሊን እንደ መሲሕ ነው፤ ሁልጊዜ ይጠበቃል፣ ከቶ አይመጣም» አለው ይባላል። ቫዮሊኑ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

በ1854 ታሪዚዮ ሚላን ውስጥ፣ ብቻውን ከሚኖርበት የጣሪያ ሥር ክፍል፣ ሞቶ ተገኘ። ወሬው ቪዮም ዘንድ እንደደረሰ ሰውየው ጊዜ አላጠፋም። ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ አሰባስቦ በ1855 መጀመሪያ፣ በክረምቱ ብርድ፣ ወደ ጣሊያን ተጓዘ። የታሪዚዮ ዘመዶች ገበሬዎች ነበሩ። ከእነሱ ወደ 144 የሚሆኑ መሣሪያዎችን በ80,000 ፍራንክ ገዛ፤ ከመካከላቸው 24ቱ የስትራዲቫሪ ናቸው። «መሲሕ»ም አብሮ ነበር። በ1716 የተሠራ ነው፤ ስትራዲቫሪ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሳይሸጠው ቆይቷል፤ ልጁ ፓውሎ በ1775 ለቫዮሊን ሰብሳቢው ለኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ሸጠው፤ ታሪዚዮ ደግሞ በ1827 ገዛው። ጠርዞቹ ሳይለዝቡ፣ ቀዩ ቫርኒሽ ሳይነካ ነው የደረሰው። አንድ ቫዮሊን ሠሪ፣ ዕድሜውን ሙሉ ዘመን ያሻሻቸውን የስትራዲቫሪ ሥራዎች ሲቀዳ ኖሮ፣ በ56 ዓመቱ ያልተሻሸውን በእጁ ሲይዝ ምን እንደተሰማው መገመት እችላለሁ። ቪዮም እስኪሞት ድረስ አልሸጠውም። ቅጂዎቹን ግን ሠራ፤ ብዙም ናቸው።

ቪዮም በ«መሲሕ» ላይ ያደረገው ነገር ዛሬ ያሳዝነናል፤ በዘመኑ ግን ሁሉም ያደርገው ነበር። የኮንሰርት አዳራሾች ሰፍተው፣ የአውታሮች ውጥረት ጨምሮ ስለነበር የአሮጌ ቫዮሊኖች አንገት እንዲረዝም፣ በውስጥ የፊቱን ሳንቃ የሚደግፈው ዘንግ በጠንካራ እንዲተካ ይደረግ ነበር። ቪዮምም የ«መሲሕ»ን አንገት አስረዘመ፣ ውስጡን ለወጠ፣ የጌታ ልደት የተቀረጸበት የአውታር መያዣ ገጠመለት። በኋላ ላይ «መሲሕ ራሱ የቪዮም ሥራ ይሆን?» የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ራሱ የሰውየውን ችሎታ ይመሰክራል። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበቶች ሲመረመሩ የመጨረሻዎቹ በ1680ዎቹ የተፈጠሩ መሆናቸው ታየ፤ ይህ ከስትራዲቫሪ ዘመን ጋር ይስማማል። አሁን ቫዮሊኑ በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንም አይጫወትበትም።

ስለ ሥራ ቤቱ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ቪዮም 3,000 መሣሪያዎችን ብቻውን ሊሠራ አይችልም፤ አልሠራምም። በስሙ የሚወጣው የአንድ ቤት ሥራ ነው። ኢፖሊት ሲልቬስትር፣ ኦኖሬ ዴራዜ፣ በኋላ ኒውዮርክ ሄዶ ስም ያተረፈው ጆርጅ ጌሙንደር በዚያ ቤት አልፈዋል። እሱ ንድፉን ይሰጣል፣ እንጨቱን ይመርጣል፣ ቫርኒሹንና የመጨረሻውን ውሳኔ በራሱ እጅ ይይዛል። አውታሩን የሚያሹበት ደጋን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። «ቪዮም» የሚል ማኅተም ያለባቸው ምርጥ ደጋኖች የተሠሩት በዘመኑ ታላላቅ በሆኑ ደጋን ሠሪዎች፣ በዶሚኒክ ፔካት፣ በፒየር ሲሞን፣ በፍራንሷ ኒኮላ ቯረን ነው። ያኔ በማኅተሙ ላይ የአሠሪው ስም እንጂ የሠሪው ስም አይወጣም። ይህ የዘመኑ ሥርዓት ቢሆንም፣ ፔካትን የመሰለ እጅ ለዓመታት በሌላ ሰው ስም መሰወሩ አሁንም ቅር ይለኛል። ዛሬ ባለሙያዎች ማን የቱን እንደሠራ እየለዩ ስሙን ለባለቤቱ እየመለሱ ነው።

ፈጠራዎቹን ፈጠን ብዬ ልለፍ። ከፊዚክስ ሊቁ ፌሊክስ ሳቫር ጋር ሠርቷል፤ የስትራዲቫሪና የጓርኔሪ ሥራዎችን ለሳቫር ምርመራ አቅርቦለት፣ ሳቫርም የጀርባው ሳንቃ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከፊቱ ሳንቃ በግማሽ ወይም በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ እንደሚል አገኘ። ይህ ልኬት እስከ ዛሬ በሠሪዎች ዘንድ ይጠቀሳል። ውስጡ ባዶ ከሆነ ብረት ደጋን ሠርቷል፤ ተጫዋቹ ራሱ ፀጉሩን መቀየር የሚችልበት ደጋንም እንዲሁ። በ1850 አካባቢ የሠራው «ኦክቶባስ» ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ ሦስት አውታር ያለው፣ በእጅና በእግር መርገጫ የሚጫወቱበት ግዙፍ ነው፤ አንዱ በፓሪስ የሙዚቃ ሙዚየም ይታያል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሥራ አልሰነበቱም። ለክብሩ ግን አልጎደሉም፦ በ1839 እና በ1844 የወርቅ ሜዳሊያ፣ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከፍተኛውን ሜዳሊያ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ከፍተኛ የክብር ኒሻን የሆነው የሌዥዮን ዶነር ባላባት ተባለ።

በ1858 ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ቴርን ተዛወረ፤ ወደ ፓሪስ በሚገባ እንጨት ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ለመሸሽ ነው ይባላል። እዚያ ሲሠራ ኖሮ ማርች 19 ቀን 1875 አረፈ። በትውልድ ከተማው በሚርኩር ያለው፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ የቫዮሊን ሥራ ትምህርት የሚሰጥበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ እርስዎ ቫዮሊን። ወረቀቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ሚርኩርና ጀርመን ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች የታላላቅ ሠሪዎችን ስም እያተሙ በብዛት በሚያመርቷቸው ቫዮሊኖች ውስጥ ይለጥፉ ነበር፤ የቪዮም ስምም ከእነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ይተውትና ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዘጋጁ። በግራ በኩል ባለው ቀዳዳ ወደ ጀርባው ውስጠኛ ገጽ ብርሃን ያስገቡ፤ በቀለም በእጅ የተጻፈ ቁጥርና ፊርማ ይፈልጉ። በቀደሙት ሥራዎቹ ላይ በወገቡ አካባቢ በውስጥ በኩል በእሳት የተተኮሰ ማኅተም ይገኛል። በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጥቁር መስመር ደግሞ ልብ ብለው ይዩት፤ እንጨት ተቆርጦ የገባ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፣ በቀለም ብቻ የተሰመረ ከሆነ ፍለጋውን እዚያው ያቁሙ።

እነዚህን ምልክቶች ካገኙ፣ ወይም ከተጠራጠሩ፣ የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የጎኑንና የጭንቅላቱን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተው የፈረንሳይ ሥራ የሚያውቅ አጣሪ ዘንድ ይላኩ። እውነተኛ የቪዮም ቫዮሊን ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ስለዚህ በፎቶ ብቻ የሚፈርድ ሰው አይመኑ፤ የመጨረሻው ፍርድ በአካል ታይቶ፣ አንዳንዴም እንጨቱ ተመርምሮ ነው የሚሰጠው።

እስከዚያ ድረስ አንድ ልመና አለኝ። ቫዮሊኑ የተሰነጠቀ ወይም የተላቀቀ ቢኖረውም በምንም ዓይነት ለአናጢ አይስጡት፤ በነጭ ኮላም አያስጣብቁት። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚዘጋጅ ኮላ ነው። ይህ ኮላ በእርጥበትና በሙቀት ይላቀቃል፤ መሣሪያው ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ተከፍቶ መጠገን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ነጭ ኮላ ከገባበት በኋላ የሚከፍተው ሰው እንጨቱን ሳይቀድ አይወጣም። ቫርኒሹን አያጥቡ፣ አያስወልውሉ፣ በላዩ ላይ አዲስ አያስቀቡ። አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ ከፊቱ ሳንቃ በታች የቆመው የድምፅ ምሰሶ ያለ ኮላ በውጥረት ብቻ የተያዘ ስለሆነ ይወድቃል። በጣም ከከረረ ትንሽ ያላሉት፣ ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁት፣ በሣጥኑ ውስጥ ይዝጉበት። የቪዮም ባይሆን እንኳ ከሚርኩር የወጣ ጥሩ ቫዮሊን ሊሆን ይችላል፤ ተጠግኖ ለብዙ ዓመት የሚጫወቱበት መሣሪያ ይሆንልዎታል። ፎቶዎቹን ካነሱና ይፈልጉ ያልኩዎትን ቁጥር ካገኙ፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦታና የዓመቱን ሁለት አሃዞች ጨምረው ይላኩልኝ።